ለአሳል መንገድ ምን ዓይነት ላሜራ?

ጥያቄ፦ ዶራሌ ወደብ እሠራለሁ። በእረፍት ቀኔ በላንድክሩዘሬ ወደ አሳል ሐይቅ እወርዳለሁ። ለመኪናው ሆድ መከላከያ ብረት ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም?

መልስ፦ አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ሹል ድንጋይ ላይ ግን እንደ ብረት አይንሸራተትም፣ ይነክሳል። የአሳል ዙሪያ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እኔ ብሆን ዚንክ የተቀባ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት እመርጣለሁ። ኮፓውንና ካምቢዮውን ይሸፍን፤ የሚታሰረውም ከሻንሲው ጋር ይሁን። በዚያ ሙቀት ድፍን ላሜራ አያስገጥሙ፤ የአየር መውጫና የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ድንጋዩን እንኳ ቻሉት እንበል፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለው ሐይቅ ጨው ግን ላሜራው ላይ ተጠራቅሞ ብሎን ይበላል። በተመለሱ ቁጥር ከሥር በንጹሕ ውኃ ያሳጥቡት።