የመንግሥታት ማኅበር በምን ሚዛን ይመዘን?

በ1920 ሥራውን ስለ ጀመረው የመንግሥታት ማኅበር በመካከላችን ክርክር በተነሣ ቍጥር ነገሩ ባንድ ቃል ያልቃል፤ «አልረባም» ይባላል። የኢትዮጵያ ልጆች እንዲህ ብንል የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ቍጣ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ድርጅት ረባ ወይም አልረባም ከማለት በፊት ሚዛኑ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አንደኛ፤ ማኅበሩ ምን ሥልጣን ነበረው? በቃል ኪዳኑ በ10ኛው አንቀጽ አባሎቹ አንዱ የሌላውን ግዛት ሊያከብርና ከወራሪ ሊጠብቅ ተስማምተዋል። 16ኛው አንቀጽ ደግሞ ቃል ኪዳኑን አፍርሶ ጦርነት የጀመረ አባል በሁሉም ላይ እንደ ዘመተ ይቈጠራል፤ ንግዱም ይቋረጥበታል ይላል። ሆኖም ማኅበሩ የራሱ ጦር አልነበረውም፤ አሜሪካ አባል አልሆነችም፤ የምክር ቤቱም ውሳኔ በመሠረቱ የሁሉንም ስምምነት የሚጠይቅ ነበር።

ሁለተኛ፤ ባለጉዳዮቹ እነማን ነበሩ? በ1921 ስዊድንና ፊንላንድ በኦላንድ ደሴቶች በተከራከሩ ጊዜ፣ ማኅበሩ ደሴቶቹ የፊንላንድ እንዲሆኑ፣ የነዋሪዎቹም የስዊድን ቋንቋ እንዲጠበቅ ወሰነ፤ ሁለቱም ተቀበሉ። ከዚህ ይልቅ የሚያስተምረን የግሪክ ነገር ነው። በ1923 ሙሶሊኒ፣ አንድ የኢጣልያ ጄኔራል በግሪክ ምድር ተገደለብኝ ብሎ የኮርፉን ደሴት በመድፍ ደብድቦ ያዘ። ግሪክ ለማኅበሩ አቤት ብትልም ጉዳዩ ለአምባሳደሮች ጉባኤ ተላልፎ 50 ሚሊዮን ሊሬ እንድትከፍል ተደረገ። በ1925 ደግሞ ግሪክ ራሷ ጦሯን አዝምታ የቡልጋርያን ድንበር ጣሰች። አሁን ግን ምክር ቤቱ ጦሯን እንድታስወጣ ጠየቀ፤ አስወጣች፤ ካሣም ከፈለች። እንግዲህ ግሪክ ተበድላም ከፈለች፤ በድላም ከፈለች። ሕጉ ያው ነው፤ የተለየው የባለጋራው ጕልበት ነው።

ሦስተኛ፤ አባሎቹ ስለ ውሳኔው ምን ያህል ዋጋ ለመክፈል ቈርጠው ነበር? ጃፓን በ1931 ማንቹርያን በወረረች ጊዜ ማኅበሩ መርማሪዎች ላከ። መግለጫቸው በ1933 ሲጸድቅ ጃፓን ጉባኤውን ጥላ ወጣች፤ ማንቹርያም በእጇ ቀረች።

ከ1923 ጀምሮ አባል የነበረችውን ኢትዮጵያን ኢጣልያ በኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወረረች። በዚያው ወር በ7ኛው ቀን ምክር ቤቱ ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን እንዳፈረሰች መሰከረ፤ ኋላም ሃምሳ መንግሥታት በፍርዱ ተስማሙ። በኖቬምበር 18 ቀን የንግድ ቅጣት ተጀመረ፤ ነገር ግን ነዳጅ ዘይት ከቅጣቱ ውጭ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቈየ። በዲሴምበር የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል ኢትዮጵያን ለመቍረስ በምስጢር ተስማሙ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ፤ በጁላይ ወር ቅጣቱ ተነሣ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሕጉ ጐድሎ አልነበረም፤ ፍርዱም አልዘገየም፤ የታጣው ፍርዱን የሚያስፈጽም ፈቃድ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩ ግን ነበረ፤ ያላበረው ፈታዪው ነው። ስለዚህ «ማኅበሩ ወደቀ» ብሎ ማቆም ጥፋቱን ለሕንፃው ሰጥቶ ሰዎቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል።

ማኅበሩ በ1946 ፈርሶ ሥራው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተላልፏል። ኢትዮጵያ የዚህ ድርጅት መሥራች አባል ሆናለች፤ በ1951ም ጦሯን ወደ ኮሪያ ልካለች። የጋራ ጥበቃን የሚሻ ሁሉ ዋጋውን መክፈል እንዳለበት ከኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ስለ ማናቸውም የሰላም ድርጅት በተከራከርን ጊዜ ሦስቱን ጥያቄዎች አንርሳ፤ ሥልጣኑ ምንድን ነው? ባለጋራው ማን ነው? አባሎቹስ ምን ከፈሉ?