ከነቀምቴ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት፦ የፖለቲካ ጋዜጠኛ የሙያ ጉዞ

የሥራው ምንነት

የቴሌቪዥን የፖለቲካ ጋዜጠኛ መንግሥት፣ ፓርቲዎችና ምክር ቤቶች የሚወስኑትን የሚከታተል፣ ውሳኔው ነዋሪውን እንዴት እንደሚነካም በምስልና በድምፅ የሚያስረዳ ባለሙያ ነው። የጋዜጣ ዘጋቢ በማስታወሻ ደብተር ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ ለቴሌቪዥን ግን ያልተቀረጸ ጉዳይ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

በምዕራብ ኦሮሚያ ወለጋ በምትገኘው ነቀምቴ ከተማ ስብሰባ ሲኖር የተለመደው አሠራር ግልጽ ነው። መድረኩ ይቀረጻል፣ ተሰብሳቢው በጥቅል ይታያል፣ ኃላፊው በአዳራሹ በር ላይ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል። ይህ የስብሰባ ዜና ነው። የፖለቲካ ዘገባ የሚሆነው ካሜራው በጀት ወደተያዘለት መንገድ ሄዶ ሥራው መጀመር አለመጀመሩን ሲያሳይ ነው። ብዙ ዘገባ በሩ ላይ ያበቃል።

ወደ ሙያው የሚወስደው መንገድ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. የጀመረው አዲስ አበባ ላይ ነው። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ (ኦቢኤን፣ የክልሉ የራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ አዳማ ይገኛል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ለወለጋ ልጅ ዕድገት ማለት ብዙውን ጊዜ ከወለጋ መውጣት ነው። አካባቢውን አብጠርጥሮ የሚያውቀው ዘጋቢ አዘጋጅ (ዜና መርጦና አርሞ ለሥርጭት የሚያበቃ ባለሙያ) ሲሆን ከአካባቢው ይርቃል።

አፋን ኦሮሞንና አማርኛን እኩል የሚችል ጋዜጠኛ በክልልም በፌዴራልም ጣቢያ ተፈላጊ ነው። ከመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ግን ከባድ ልማድ ይዞ ይገባል፤ እዚያ ሥራው ማሳወቅ እንጂ መጠየቅ አልነበረም።

ሥራው የሚቋረጥበት ምክንያት

በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የአፋን ኦሮሞ ክፍል ጋዜጠኞች ዳባሳ ዋቅጅራና ሽፈራው ኢንሰርሙ ያኔ መንግሥትን በትጥቅ ይታገል ከነበረው የኦሮሞ ነጻነት ግንባር ጋር ግንኙነት አላቸው ተብለው ታሰሩ። በሰኔ 2006 ዓ.ም. ደግሞ 18 ጋዜጠኞች ከኦሮሚያ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት (ከዛሬው ኦቢኤን) ተሰናበቱ።

እንቅፋቱ እስርና ስንብት ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ከጥር እስከ መጋቢት በወለጋ በርካታ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደውሎ ማጣራትም ምስል መላክም አልተቻለም።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር (የካሳ) ጉዳይ አድርጎታል፤ የመረጃ ምንጭንም ይጠብቃል። የሥራ ስንብትን ግን አዋጁ ብቻውን አያስቀርም።