«ቋሚ ፍጥነት» የሚለው ግምት፦ የዲጄ ሶፍትዌር የማጫወቻ ማስተካከያዎችና የኢትዮጵያ የባንድ ቅጂዎች

የዲጄ ሶፍትዌር ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን አስቀድመው የተመረጡ ማስተካከያዎች አብረውት ይመጣሉ። ሃርድዌሩን የሚመለከቱት በአመዛኙ የሂሳብ ጉዳይ ናቸው። ማጫወቻውን የሚመለከቱት ግን ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ የተያዘ ግምት በውስጣቸው አለ። ይህ ጽሑፍ ያ ግምት የኢትዮጵያን የባንድ ቅጂዎች ሲያገኝ የሚፈጠረውን ችግር ይመረምራል። በማሳያነት የተወሰደው ሚክስ (ስሙ በሦስት ኤክስ የሚጻፈው) ነው፤ በነፃ የሚገኝና እ.ኤ.አ. በ2001 ከአንድ የዶክትሬት ጥናት ጋር ተያይዞ የተጀመረ በመሆኑ ለተመራማሪ የተመቸ ነው።

ሃርድዌርን በተመለከተ ዋናው ውሳኔ የድምፅ ቋቱ መጠን ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚጫወትበት ጊዜ 1,024 ናሙና የሚይዝ ቋት ድምፁን 23 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል፤ 256 ናሙና የሚይዝ ደግሞ 6 ሚሊሰከንድ ገደማ። ቋቱ ሲያንስ የእጅ እንቅስቃሴ ወዲያው ይሰማል፤ ኮምፒዩተሩ በጊዜው ሊሞላው ካልቻለ ግን ድምፁ ይቆራረጣል። ለአዳራሹ የሚሄደውንና በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ለመለየት አራት መውጫ ያለው የድምፅ ካርድ ያስፈልጋል። እስከዚህ ድረስ የሙዚቃው ዓይነት ለውጥ አያመጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ምት ሲቆጥር ነው። በሚክስ የምት ትንተና ገጽ ላይ «ቋሚ ፍጥነት ይታሰብ» የሚል ምርጫ አለ፤ እንዲመረጥም ይመከራል። በማሽን ለተሠራ የዳንስ ሙዚቃ ምክሩ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ፣ በኋላም በካይፋ ሪከርድስ የታተሙት ሸክላዎች ግን የተቀረጹት ከበሮ መቺው ከባንዱ ጋር እየተነፈሰ በሚጫወትበት ሁኔታ ነው። አራት ደቂቃ የሚረዝም ዘፈን በደቂቃ ከ108 ምት ተነሥቶ በእኩል ጭማሪ 112 ደረሰ እንበል። ሶፍትዌሩ አማካዩን 110 ወስዶ ቋሚ የምት መስመር ያሰምርበታል። በሁለተኛው ደቂቃ መጨረሻ መስመሩ 220 ምት ይቆጥራል፤ ባንዱ የተጫወተው ግን 218 ነው። በዘፈኑ ማብቂያ ላይ ሁለቱም 440 ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ስሕተቱን አያገኘውም። መሐል ላይ «ሲንክ» የተጫነ እንደሆነ ጥፋተኛ የሚመስለው ከበሮ መቺው ነው።

የችክችካ ምት ሌላ ፈተና ያመጣል። በ6/8 የሚሄድ ስልት በውስጡ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ሦስት ጊዜም ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ ውበቱም በከፊል ከዚሁ መንታነት ይመነጫል። ሶፍትዌሩ ግን አንዱን መምረጥ አለበት። እግር በ110 የሚረግጠውን ዘፈን 165 ብሎ ቢመዘግበው የሰማው ሌላውን አቆጣጠር ነው። ሚክስ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ በዘፈኑ ምናሌ ውስጥ የምቱን ቁጥር በ2/3 ወይም በ3/2 ማባዛት፣ ከዚያም እንዳይለወጥ መቆለፍ ይቻላል። ብዙ ተጠቃሚ የሚያውቀው እጥፍና ግማሽ የሚያደርጉትን ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

በሦስተኛ ደረጃ የሚነሣው ቃና መቆለፊያው ነው። ፍጥነት ሲለወጥ ቅኝት ይበላሻል የሚል ሥጋት ይሰማል፤ ሥጋቱ ግን መሠረት የለውም። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ሲጨምር ሁሉም ድምፆች በእኩል ምጣኔ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። ትዝታ ትዝታ፣ ባቲም ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። መሰንቆ ተጫዋችም ቢሆን ክሩን የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ነው። መቆለፊያው የሚጠብቀው የዘፋኙን የድምፅ ከፍታ ነው፤ በምላሹ የክራሩን የክር ምትና የከበሮውን ጥርት ያደበዝዛል። ለሁለት ወይም ለሦስት በመቶ ለውጥ ሲባል ይህን ዋጋ መክፈል አያስፈልግም።

ቅኝትን በእርግጥ የሚያዛባው ቃና መለያው ነው። የሚያቀርባቸው 24 ስሞች ብቻ ናቸው፤ 12 ሜጀር፣ 12 ማይነር። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ነው። ከመነሻው ንጹሕ አምስተኛ ስለሌለው በየትኛውም ስም ሥር በወጉ አይገባም። ሁለት ዘፈኖች አንድ ዓይነት ስም ስለተሰጣቸው ብቻ ማቀላቀል እዚህ ላይ አያዋጣም፤ በጆሮ ማዳመጫ ማረጋገጥ ይሻላል።

መቆለፊያው የግድ ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ ፍጥነቱ ከ6 በመቶ በላይ ሲለወጥ፣ ሚክስ ከሚያቀርባቸው ስልቶች መካከል ራበርባንድ ከሳውንድተች የተሻለ ጥራት አለው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩን አብዝቶ ያሠራል፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሲመረጥ ቋቱን ወደ 23 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። በሃርድዌር ገጹ ላይ ያለው የመቆራረጥ ቆጣሪ ዘፈን እየተጫወተ ቁጥሩ መጨመሩን ካቆመ መጠኑ በቂ ነው።