የልጅን ዓይን አንድ በአንድ መፈተሽ

በደንብ የማያይ ልጅ «አይታየኝም» አይልም፤ ከተወለደ ጀምሮ የሚያውቀው ያንኑ እይታ ስለሆነ ሌላውም ሰው እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። የደከመው አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ደግሞ ጤነኛው ይሸፍንለታል፤ ሲሮጥም ሲጫወትም ማንም ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ማየትን የሚማረው ግን አእምሮ ነው። ከደካማው ዓይን የሚመጣውን ብዥታ ችላ ማለት ይለምዳል፤ ይህን ለማቃናት የሚቀለው ልጁ 7 ወይም 8 ዓመት ሳይሞላው ነው። ስለዚህ ፍተሻውን በ4 ወይም በ5 ዓመቱ፣ ፊደል ሳይቆጥር አድርጉለት።

መጀመሪያ ምልክቱን ሥሩ። ነጭ ወረቀት ላይ ጎኑ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስምሩና አግድምም ቁልቁልም በ5 እኩል ክፈሉት። የታችኛውን ረድፍ፣ ቀጥሎም 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ዐምድ በጥቁር ቀለም ሙሉ። እንደ ንጉሡ «ሠ» ሦስት ጣቱን ወደ ላይ የቀሰረ ቅርጽ ይወጣችኋል።

ከቅርብ ሆናችሁ ጨዋታውን አስለምዱት፦ ጣቶቹ ወደ ዞሩበት አቅጣጫ በእጁ ያመልክት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ጨዋታው ያልገባው ልጅ ዓይኑ የደከመ ሊመስል ይችላል።

አሁን ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ ግን ዓይኑን በማትወጋበት ቦታ 6 ሜትር ለክታችሁ ራቁ። አንድ ዓይኑ ይሸፈን። በገዛ መዳፉ አይሁን፤ በጣቶቹ መሐል ያጮልቃል። ሌላ ሰው ዓይኑን ሳይጫን ካርቶን ይያዝለት። ዓይኑን እንዳያጨነቁር፣ አንገቱን እንዳያዘነብል ተከታተሉ። አቅጣጫውን ልጁ ሳያይ እየቀያየራችሁ 5 ጊዜ አሳዩት፤ ቢያንስ 4ቱን ካገኘ ያ ዓይን አልፏል። ቀጥሎ ሌላውን። መነጽር ካለው አድርጎት ይፈተን።

ካላለፈ፣ ድካም በሌለው ሌላ ቀን ድገሙት፤ አሁንም ካልሆነለት ወደ ዓይን ሐኪም ውሰዱት። ቢያልፍም እንኳ ሲያነብ መስመር የሚጠፋው፣ ራሱን የሚያመው ወይም ደብተሩን አፍንጫው ሥር የሚያደርግ ልጅ መታየት አለበት፤ ይህ ፍተሻ የሩቅ እይታን እንጂ የቅርቡን አይለካም። ከተወለደ 4 ወር ካለፈው በኋላ ዓይኑ ከተንሸዋረረ ወይም በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ግን ፍተሻ አያስፈልግም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ።

ሐኪሙ መነጽር ካዘዘ «ዓይን ያደክማል» የሚለውን ወሬ አትስሙ። ፊተኛው ወንበር ላይ ማስቀመጥም መነጽርን አይተካም። ጤነኛውን ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ከታዘዘም፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ካልሆነም ሰዓቱ ቤት በሚውልበት ጊዜ እንዲሆን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።