ለቤት ለቤት ነርስነት የሚጻፍ ቆሮት ሃይም

የእስራኤሏ አሽዶድ እስከ 2017 ድረስ የራሷ አጠቃላይ ሆስፒታል አልነበራትም። የከተማዋ በሽተኛ ወይ ሬሆቮት ወዳለው ካፕላን፣ ወይ አሽቀሎን ወዳለው ባርዚላይ ይሄድ ነበር፤ ነርሱም እንዲሁ። ስለዚህ ዕድሜዋ ገፋ ያለ የአሽዶድ ነርስ ቆሮት ሃይሟን (የትምህርትና የሥራ ታሪኳን) ብትገልጡት ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ የከተማዋን አሱታን ታገኛላችሁ። የክፍሉ ስም ይጻፋል፣ ዓመቱ ይጻፋል፣ የሥራው መቶኛ ይጻፋል፤ በዚያ ያልቃል። ለሌላ ሆስፒታል ሲሆን ይህ ይበቃል። ፕኒሚት (የውስጥ ደዌ ክፍል) ውስጥ ለዓመታት የሠራች ነርስ ምን እንደምታውቅ ለሌላ ፕኒሚት ኃላፊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ለቤት ሕክምና ግን አይበቃም። የቤት ሕክምና ክፍል ኃላፊዋ ያንኑ ወረቀት ስታነብ የምታስበው ሌላ ነው፤ ይህች ነርስ ከአንድ ታማሚና ከተደናገጠ ቤተሰብ ጋር ብቻዋን ስትሆን ምን ታደርጋለች? ሐኪሙ ኮሪደር ላይ የለም። «እስኪ ነይና እዪልኝ» የምትባል ባልደረባ የለችም። የጎደለ ፋሻ ከመጋዘን አይመጣም። ቆሮት ሃይማችሁ ከላይ እስከ ታች ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ፣ ሃያ ዓመት ሠርታችሁም ቢሆን ወረቀቱ ከክምሩ ሥር ይቀራል።

ከመጻፋችሁ በፊት ለማን እንደምትጽፉ ለዩ። በአንድ ስም «የቤት ሕክምና» ይባል እንጂ ሥራው የተለያየ ነው። አንደኛው ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የጤና መድን ድርጅቶቹ ኩፓት ሆሊሞች፣ ማለትም ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሄዴትና ለኡሚት የሚያደርጉት ክትትል ነው። ነርሷ አንድ ታማሚ ዘንድ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ትመላለሳለች። እዚህ ቁስልን፣ ስኳርን፣ የሽንት ቱቦን፣ ቤተሰብ ማስተማርን ከላይ አስቀምጡ። ሁለተኛው ኢሽፑዝ ባይት ነው፤ ሆስፒታል መተኛት የሚገባው ሰው ቤቱ ተኝቶ የሚታከምበት። የሳንባ ምች ወይም የቆዳ ኢንፌክሽን የያዘው፣ የልብ ድካሙ የተባባሰበት ሰው በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠው ለጥቂት ቀናት በቅርብ ይታያል። ይህን ኩፓዎቹ በራሳቸው ወይም እንደ ሳባር ካሉ ድርጅቶች ጋር ተዋውለው ያሠሩታል። እዚህ የሚፈለገው ፈጣን ዐይን ነው፤ ማን ቤቱ መቆየት እንደሚችል፣ ማን አሁኑኑ አምቡላንስ እንደሚያስፈልገው የሚለይ። ሦስተኛው የሆስፒስ ሥራ ነው፤ የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊን፣ ሊሞት ከተቃረበ ሰው ቤተሰብ ጋር መነጋገር። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ወረቀት የሚልክ ሰው ለአንዱም አልጻፈም።

ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ፣ በቢቱዋህ ለኡሚ (ብሔራዊ መድን) ሕግ ከ1988 ጀምሮ አረጋውያንን ቤታቸው የሚረዱት የሲዑድ ድርጅቶች በአብዛኛው የሚቀጥሩት ሜታፔሌት (ተንከባካቢ) ነው። የነርስ ፈቃድ ይዛችሁ ማስታወቂያውን ሳታነቡ ለእነሱ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። በተቃራኒው ደግሞ ኢትዮጵያ ነርስ ሆና የሠራች፣ እዚህ ግን የጤና ሚኒስቴርን ፈቃድ ገና ያላገኘች እህት ወረቀቷ ላይ በዕብራይስጥ «አሆት» (ነርስ) ብላ ራሷን መሰየም አትችልም፤ ስሙ የፈቃድ ባለቤቶች ነው። «በኢትዮጵያ የነርስ ዲፕሎማ፣ በእስራኤል የፈቃድ ሂደት ላይ» ብላ ትጻፍ። ይህ እውነትም ነው፣ ክብርም አለው። በ2003 በጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጎንደር ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት ስትዞር የነበረች ካለችም ያንን እንዳትተወው። ሰው ቤት ገብቶ ጤና ማስተማር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከእኛ፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው፣ ልጆች መካከል ነርስነትን ሲማሩ ሜታፔሌት ሆነው ሰው ቤት የሠሩ፣ ወይም በአረጋውያን መኖሪያ ኮአኽ ዔዘር (ረዳት ሠራተኛ) ሆነው አልጋ ያነጠፉና ገላ ያጠቡ ብዙ ናቸው። ፈቃዱ ሲገኝ ያ ዘመን ከቆሮት ሃይም ይፋቃል። ለምን እንደሚፋቅ ይገባኛል፤ «ጽዳት ሠራተኛ ነሽ?» ተብሎ መጠየቅ የሰለቸው ሰው ዝቅ የሚያደርገውን ሁሉ ከወረቀቱ ማጥፋት ይፈልጋል። ለሆስፒታል ስታመለክቱ ቢቀርም አይጎዳም። ለቤት ሕክምና ስታመለክቱ ግን ከወረቀታችሁ ውስጥ ትልቁን መስመር ነው የፋቃችሁት። የአረጋዊ መታጠቢያ ቤት ምን ያህል እንደሚያንሸራትት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ምግብ መኖሩን ማየት ከደም ግፊት መለካት እኩል እንደሚያስፈልግ፣ ልጅና ምራት ሲጣሉ መድኃኒቱ እንደሚረሳ የሚያውቀው በሰው ቤት የኖረ ነው። «በነርስነት ትምህርት ዘመን የአረጋውያን የቤት እንክብካቤ» ብላችሁ በአንድ ወይም በሁለት መስመር መልሱት። ቀጣሪዋ ትቆምበታለች።

የሆስፒታሉን ልምድም ቢሆን ወደ ቤት ቋንቋ መመለስ ያስፈልጋል። «በፕኒሚት መድኃኒት መስጠት፣ ቁስል ማጠብ፣ ምልክቶችን መከታተል» የሚል መስመር የየትኛውም ነርስ ነው። ይልቅስ እንዲህ ብትሉ፦ «በሌሊት ተራ የታማሚ ሁኔታ ሲለወጥ ቀድሜ ለይቼ ለተረኛ ሐኪም በሥርዓት አቀርባለሁ፤ የልብ ድካም ያለባቸውን ከመውጣታቸው በፊት ክብደታቸውን በየቀኑ እንዲመዝኑና ዳይዩሬቲካቸውን እንዲያውቁ አስተምራለሁ፤ የፒክ መስመር፣ የቫክም ፋሻ፣ የሆድ መመገቢያ ቱቦ በራሴ እይዛለሁ፤ በኖርተን መለኪያ የአልጋ ቁስል አደጋን እገመግማለሁ።» እያንዳንዱ ሐረግ ብቻችሁን የምትወስኑትን ያሳያል። ያልሠራችሁትን እንዳትጨምሩ። ቫክም ሲቀየር አጠገብ መቆምና ራስ መቀየር አንድ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ አጠገባችሁ የሚቆም የለም።

ከሥራ ታሪኩ በላይ ሦስት ወይም አራት መስመር የምትሆን መግቢያ ይኑር። የፈቃዱ ዓይነትና ቁጥር፣ የተማራችሁት ዓል ባሲሲ (ከመሠረታዊው በላይ የሆነ ኮርስ) ካለ፣ የምትፈልጉት የቤት ሕክምና ዓይነት፣ መንጃ ፈቃድና መኪና። መኪና መኖሩን ታች አትደብቁት፤ በዚህ ሥራ መሣሪያ ነው። የትኞቹን ሮቫዎች (የከተማዋን ክፍሎች) መሸፈን እንደምትችሉ መጻፍም ጥሩ ነው። አሽዶድ በፊደል በተሰየሙ ሮቫዎች የተከፈለች ከተማ ናት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በጠዋት መጨናነቅ መሄድ የአንድ ታማሚ ጉብኝት ጊዜ ይበላል። በሻባት የመኪና እንቅስቃሴ በሚቆምባቸው የሃይማኖተኞች ሰፈሮች የመሥራት ልምድ ካላችሁም አንድ ቃል ጨምሩ።

አማርኛን በተመለከተ ብዙዎች የሚሳሳቱት ከታች «ቋንቋዎች፦ ዕብራይስጥ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብለው ማለፋቸው ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ከታማሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያጣጥሙ አዟል። ስለዚህ አማርኛችሁ ተቋሙ ግዴታውን የሚወጣበት ነው። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከኢትዮጵያ በጎልማሳነት የመጡት ዛሬ አርጅተዋል፤ አገር ቤት ሳሉ እምብዛም የማያውቁት ስኳር እዚህ ብዙዎቹን ይዟቸዋል። እማማን «ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ብሎ በዕብራይስጥ የሚጠይቅ ነርስ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ያገኝና ዜሮ ብሎ ይመዘግባል። እናንተ ግን ፊታቸውን አይታችሁ፣ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ተነሥተው ይሄዳሉ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ስምንት መሆኑን ታውቃላችሁ። ወረቀቱ ላይ መግባት ያለበት ይህ ነው፦ «አማርኛ ተናጋሪ አረጋውያንን በቀጥታ እገመግማለሁ፤ የኢንሱሊንና የአመጋገብ ትምህርት በአማርኛ እሰጣለሁ።» እንደ ጤና ብሪዑት ባለ ማኅበር በስኳር ትምህርት ያገለገለችም ታክልበት። ትግርኛ የምትችሉ ለብቻው ጻፉት። በአሽዶድ ሩሲያኛ የመቶ ሰው ቤት በር ይከፍታል፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ከሆነ ግን «በመጠኑ» በሉ።

ጎረቤትን ወደ ኩፓ ወስዶ ማስተርጎም ደግ ሥራ ቢሆንም በሙያ ልምድነት አይጻፍም። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም የሚዘለው ብዙ እንደሆነ ነርስ ሁሉ ያውቃል፤ ይህንን ማወቃችሁን ቃለ መጠይቅ ላይ አንሡት።

የማይጻፉም አሉ። የትዑዳት ዜሁት (የመታወቂያ) ቁጥር፣ የልጆች ብዛት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ አገር ቆሮት ሃይም ላይ ቦታ የላቸውም። የ1988ቱ የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ ቀጣሪ በጋብቻ ሁኔታ፣ በወላጅነትና በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ ሳይጠየቁ ማቅረብ ለማዳላት መንገድ መጥረግ ነው። የታማሚን ነገርም እንዲሁ ተጠንቀቁ። «በሮቫ ዳሌት የሚኖሩትን የቄስ እገሌን የእግር ቁስል አድኛለሁ» የሚል ምሳሌ፣ ስሙ ባይጠራ እንኳ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ምስጢር ማውጣት ነው፤ የ1996ቱ የታማሚ መብት ሕግም አይፈቅደውም። ቀጣሪዋ ይህን ካየች የሌላውንም ምስጢር እንደማትጠብቁ ትገምታለች። ወንድ ነርሶች ደግሞ አቅመ ደካሞችና ሕፃናት ዘንድ ለመሥራት በ2001ዱ ሕግ የሚጠየቀውን የፖሊስ ማረጋገጫ ቀድመው ቢያወጡ መቀጠሩ አይዘገይም።

ስለ ጦርነት ጊዜ የሠራችሁት ካለ ጻፉት። አሽዶድ ውስጥ ሳይረን ሲጮህ መጠለያ ለመግባት 45 ሰከንድ ነው ያለው። ማማድ (በቤት ውስጥ ያለ መጠለያ ክፍል) በሌለው አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኦክስጅን ይዞ የተኛ ሰው በዚያ ጊዜ ምን ይደረግ የሚለውን ያሰበበት ነርስ ለዚህ ከተማ የቤት ሕክምና ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

ስለ ቅርጹ ብዙ አልልም። ዕብራይስጥ ከእንግሊዝኛ መድኃኒት ስምና ከቁጥር ጋር ሲቀላቀል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገለባበጣል፤ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ፣ ከመላካችሁ በፊትም በስልክ ክፈቱት። ከሁለት ገጽ አይለፍ። ዕብራይስጡን ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያንብብላችሁ፤ ልጆቻችሁ ካሉ እነሱ ይበቃሉ።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፤ ቤተሰብ «በሽታውን ለአባባ እንዳትነግሪው» ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ? መርዶ በሥርዓት በሚነገርበት ባህል ያደግን ሰዎች ለዚህ ሁለቱንም ወገን የሚያከብር መልስ አለን፤ ልጆቹን ሰምቶ፣ አባባ ራሱ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ቀስ ብሎ ጠይቆ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ። ሕጉ መብቱን የሰጠው ለታማሚው መሆኑን ጨምራችሁ ተናገሩ።

የሚቀርብላችሁን ደመወዝ ከመቀበላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ትሉሾቻችሁን (የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን) አውጥታችሁ የሌሊትና የሻባት ተራ ምን ያህል እንደጨመረላችሁ አስሉ፤ በቤት ሕክምና ያ ጭማሪ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ክፍያው በወር ነው ወይስ በጉብኝት? ከቤት ወደ ቤት የምትነዱበት ሰዓት ይቆጠራል? የመኪና ወጪና ቀረን ሂሽታልሙት (የትምህርት ቁጠባ ፈንድ) አለ? የቀድሞ የአገልግሎት ዓመታችሁ ይታሰባል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልምድ ካላት ነርስ ጋር ትወጣላችሁ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከአንድ ዓመት በላይ በወር ደመወዝ የሠራ ሰው ሲለቅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ አዲሱ ቦታ የምትጀምሩበትን ቀን በፊርማ ሳያረጋግጥላችሁ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አታስገቡ።