ኑን ስንት ሰዓት ነው?

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ኑን» ሲል ቀትርን ማለቱ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 12። ቃሉ ሲወለድ ግን ስድስትም አሥራ ሁለትም አልነበረም፤ ዘጠኝ ነበር። ምንጩ የላቲኑ «ኖና» ሲሆን «ዘጠነኛ» ማለት ነው። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ስለሚቆጥሩ፣ ዘጠነኛው ሰዓታቸው ከኛው ዘጠኝ ሰዓት ጋር ይገጥማል። ወንጌል ክርስቶስ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበትን ሰዓት የሚናገረው በዚሁ ቆጠራ ነው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳትም በዚያ ሰዓት የሚያደርሱትን ጸሎት በዚሁ ስም ጠሩት።

ታዲያ ዘጠኝ እንዴት ስድስት ሆነ? በመካከለኛው ዘመን ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ቀትር ተጠጋ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ጾም ነው። በጾም ቀን እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት በኋላ ስለነበር፣ ጸሎቱ እየቀደመ እየቀደመ መጣ፤ ስሙም ተከተለው ይላሉ። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው ይህን ለማመን ብዙ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከቀትር እስከ ምሽት ያለው ጊዜ «አፍተርኑን» ነው፤ ስለዚህ «ጉድ አፍተርኑን» ከስድስት ሰዓት በፊት አይባልም። ከቀትር በፊት ያለውን የሚገልጸው «ፎርኑን» ግን ዛሬ እምብዛም አይሰማም።

ችግሩ ያለው 12 ቁጥር ላይ ነው። «ኤኤም» ከቀትር በፊት፣ «ፒኤም» ከቀትር በኋላ ማለት ስለሆነ፣ ቀትር ራሱ ከሁለቱም አይመደብም። ልማድ ግን 12 ፒኤምን ቀትር፣ 12 ኤኤምን እኩለ ሌሊት አድርጎታል። የአሜሪካ መንግሥት ማተሚያ ቤት የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ ቀድሞ ተቃራኒውን ይል ነበር፤ ወደ ልማዱ የዞረው እ.ኤ.አ. በ2008 እትሙ ነው።

የኛ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ደግሞ በዕለቱ ነው። ፈረንጆች ቀን የሚለውጡት በእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት «አርብ 12:30 ኤኤም» ካለ፣ በረራው እኛ «ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ» በምንለው ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰ ሰው በረራው ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። እርስዎም በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ሲይዙ «12» ብለው አይተዉት፤ «ኑን» ወይም «ሚድናይት» ብለው ይጻፉ።