የመውቂያ መኪና ቺንጋ ሲያስቸግር ምን ማድረግ ይገባል

ስንዴው ታጭዶ ተከምሯል፤ ሰማዩም ያለ ወቅቱ ደመና አዝሏል። መኪናው ግን ነዶ በገባበት ቁጥር ይጮኻል፤ ሞተሩ እየሠራ ከበሮው ይደክማል፤ የተቃጠለ ጎማም ይሸታል። ከበሮው ሲደክም ብዙ እሸት ሳይወቃ ከገለባ ጋራ ያልፋል። እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሞተሩን ኃይል ወደ ከበሮው ከሚያደርሰው ቺንጋ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው በሥራው መጀመሪያ ዘመን እንዲህ ያለ መኪና ቢያይ፣ ሳይመረምር ባለቤቱን «አዲስ ቺንጋ ግዛ» አለው። አዲሱም ቺንጋ በጥቂት ቀን ውስጥ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ተበጠሰ። ጥፋቱ የሁለቱ ፑሊዎች በአንድ መስመር አለመሆን ነበረ። የገበሬው ገንዘብ በከንቱ ጠፋ። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ ከበሮው ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ወደሚዞር ቺንጋ እጅን ወይም የጋቢን ጫፍ ማስጠጋት አካል ያጎድላል። ከዚያ በኋላ በሚከተለው ተራ ይሠራል።

1ኛ፤ ጎኑን መመልከት። ባለ ሦስት ማዕዘን ቦይ ውስጥ የሚገባ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኖቹ ነው እንጂ በሥሩ አይደለም። ጎኑ እንደ መስተዋት ካበራ፣ ከተሰነጠቀ ወይም የቦዩን ወለል ከነካ ይለወጥ። አዲሱም ወለሉን ከነካ የተበላው ፑሊው ነው።

2ኛ፤ ቅባቱን መጥረግ። ዘይት ወይም ግራሶ ከነካው በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ። ቤንዚን ጎማውን ይጎዳል። እንዳይንሸራተት ተብሎ ሬንጅ መቀባትም አይገባም፤ አቧራና ገለባ ይሰበስባል።

3ኛ፤ መስመሩን መለካት። የፑሊዎቹ ከንፈር እኩል ውፍረት ካለው፣ ሲባጎ በሁለቱ ፊት ላይ ወጥሮ መያዝ። ሲባጎው በየፑሊው ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ቦታ ከነካ መስመሩ ቀና ነው። ካልነካ የሞተሩን ብሎኖች አላልቶ ማስተካከል።

4ኛ፤ ውጥረቱን መፈተን። በፑሊዎቹ መካከል 1 ሜትር ቢኖር፣ ቺንጋው መኻሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይርገብ። ከዚህ በጣም ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታውን አግሎ ይሰብራል።

አዲስ ሲገዛ በአሮጌው ጀርባ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር ይዞ መሄድ ነው። ቺንጋዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ ሁሉም በአንድነት ይለወጡ፤ አለዚያ አዲሱ ብቻውን ሸክሙን ይሸከማል። በሚገባበትም ጊዜ ሞተሩን ማቅረብ እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም። አዲስ ቺንጋ ስለሚረዝም ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላ ውጥረቱ እንደ ገና ይታይ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን የሲባጎ ሙከራ መኸር ሳይደርስ በመኪናው ፊት ቆማችሁ ለገበሬዎች አሳዩ። ከምክር ይልቅ በዓይን የታየ ሥራ አይረሳምና።